ጥቁር ዋንዛ በነጭ ጅማት

እኔ ያላወቅሁትን ነገር አይቼ አላልፍም። ጎረቤቶቻችን በዚህ ጠባዬ ሲቀልዱብኝ፣ «ይሄ ሰው መልአከ ሞት ቢመጣበት እንኳ መጀመሪያ የሚጠይቀው በየት በኩል እንደገባ ነው» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። ቆቦ ላይ አናጢ ሆኜ በኖርኩባቸው የደርግ ዓመታት ከእጄ ይልቅ አፌ ብዙ ሠርቷል፤ ይሄ ለምን ሆነ፣ ያ እንዴት ተሠራ፣ ማን ሠራው እያልኩ። ከዚያ ሁሉ ጥያቄ ግን እንደ አንድ ቁም ሳጥን ያንገበገበኝ የለም።

ቁም ሳጥኑ የእኔ አልነበረም። ያኔ በአውራ ጎዳናው የሚመላለሱ የጭነት መኪናዎች በጦርነቱ ምክንያት እየተጠባበቁ በኮንቮይ ነበር የሚጓዙት። ኮንቮዩ ሲቆም ቆቦ ትሞላለች፣ ሲነሣ ባዶዋን ትቀራለች። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከሰሜን የመጣ መኪና ከቤታችን ፊት ለፊት ቆመ። የጫነው ወደ ደሴ የተዛወረ የአንድ መንግሥት ሠራተኛ የቤት ዕቃ ነው፤ ፍራሽ፣ ድስት፣ የተገለበጠ ጠረጴዛ፣ መካከላቸው ደግሞ በገመድ የታሰረ ጥቁር ቁም ሳጥን። ጥቁር ስል ድፍን ጥቁር አይደለም። ከላይ እስከ ታች የእንጨቱን መስመር ተከትለው የሚወርዱ፣ ክር የሚያህሉ ነጭ ጅማቶች ነበሩበት። እዚህ ይጠጋጋሉ፣ እዚያ ይራራቃሉ፣ ጉጥ ካለበት ሲደርሱ ዞረውት ያልፋሉ። በብሩሽ የተሳለ እንዳልሆነ መሬት ላይ ቆሜም አውቄዋለሁ፤ እንደዚያ አድርጎ የሚስል እጅ የለማ።

ጎማውን ረግጬ ወጣሁ።

«አንተ! ምን ፈልገህ ነው?» አለኝ ረዳቱ ከመኪናው ሥር ብቅ ብሎ።

«ምንም። ላየው ነው።»

«ሌባም እኮ የሚለው ይህንኑ ነው።»

የመኪናው የጎን ሳንቃ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሮ ነበር። እሱን በነጻ ልጠግንለት፣ እኔ ደግሞ እስኪሄዱ ድረስ ቁም ሳጥኑን ልመረምር ተስማማን። ሳንቃውን ቶሎ መታሁለትና የቀረውን ጊዜ በቁም ሳጥኑ ዙሪያ እንደ ዝንብ ስዞር ዋልኩ። መጀመሪያ የማላውቀው የእንጨት ዘር መስሎኝ ነበር። ጎንበስ ብዬ የእግሩን ውስጠኛ ጎን ሳይ ግን ያው እንደ እኛ ዋንዛ ቡናማ ነው። ጥቁሩ ከላይ የመጣ ነው ማለት ነው። ነጩስ? በጥፍሬ ጫር አደረግኩት። ጥፍሬ ሥር ዱቄት ቀረ። ቀመስኩት። ረዳቱ ጤነኛ አልመሰልኩትም፤ ፊቱን አዞረ። ዱቄቱ ኖራ ኖራ ይላል፣ ትንሽ ደግሞ የኮላ ጣዕም አለው። እንግዲያው ነጩን አንድ ሰው ከእንጨቱ ቀዳዳ ውስጥ አስገብቶታል። እንዴት ብሎ አስገባው? ጥቁሩን ሳያበላሽ? እዚህ ላይ እያለሁ ኮንቮዩ ተነሣና ቁም ሳጥኑ ወደ ደሴ ሄደብኝ።

ያን ሰሞን እህቴ ታጭታ ነበር።

እናታችን የሞተችው እኔ ገና በእግሬ ሳልጸና ነው፤ አባታችንም ብዙ ሳይቆይ ተከተላት። ያሳደገችኝ በስምንት ዓመት የምትበልጠኝ እህቴ ናት። ጠላ እየጠመቀች ትምህርት ቤት ላከችኝ፣ ኋላም ከአንድ ሽማግሌ አናጢ ዘንድ ወስዳ ሙያ አስያዘችኝ። እሷ ግን ሠላሳ ዓመት እስኪያልፋት ትዳር አልያዘችም። በመጨረሻ ጎብዬ ላይ እህል የሚነግድ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ሽማግሌ ላከባት፤ ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ። ሰውየው ደግ ነው። የዘመዶቹ አፍ ግን አይጣል ነው፤ «ገበያ ከተፈታ በኋላ የመጣች» እያሉ እንደሚያሟት ሰማሁ። የእህቴ ወጣትነት በማን ላይ እንዳለቀ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? ተናደድኩ፤ አፈርኩም። እዚያ ቤት አንገቷን ደፍታ ስትገባ ማየት አልፈለግኩም። ጎብዬ አይታው የማታውቀው ዕቃ ይዛ ትገባለች አልኩ፤ ገና ከደጃፉ አፋቸውን የሚያስይዝ።

«እታለም፣ የሠርግሽን ቁም ሳጥን የምሠራው እኔ ነኝ» አልኳት።

«ሌላ ማን ሊሠራልኝ ኖሯል?» አለችኝ።

አራት ወር ያህል ነበረኝ። ቀለም ከሱቅ እንዳልገዛ፣ ሱቅ ውስጥ ቀለም የሚባል ነገር የለም፤ ስኳርና ሳሙና እንኳ የሚታደለው በቀበሌ ነው። ጥቁሩን ያገኘሁት ገበያ ላይ የኮርቻ ቆዳ ከሚሸጡ ሽማግሌ ነው። ቆዳቸው እንደ ቁራ ያብለጨልጫል። አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ፣ «አባ፣ ይሄን ጥቁረት ከየት ያመጡታል?» አልኳቸው።

«ቆዳ ትሠራለህ?»

«የለም፣ አናጢ ነኝ።»

«ታዲያ አናጢን የቆዳ ጥቁረት ምን አገባው?»

«እንጨት ላጠቁርበት ነው።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። «ወላሂ፣ እንጨት ሲያጠቁር የማውቀው እሳትን ብቻ ነው!» አሉ። ሳቃቸውን ከጨረሱ በኋላ ግን አልደበቁኝም። የግራር ቅርፊት ይቀቀላል፤ ቆዳው ይህን ውሃ ይጠጣል። ሲጠፈፍ ደግሞ የዛገ ብረት የከረመበት ኮምጣጣ ነገር ይከተልበታል። «ለየብቻ ሁለቱም ጥቁር አይደሉም። ሲገናኙ ይጣላሉ፤ ጥቁረቱ የጥላቸው ነው» አሉኝ።

ጠላ የሚጠመቅበት ቤት የቆመጠጠ ነገር አያጣም፤ የዛገ ሚስማር ደግሞ የእኔ ሀብት ነው። በአንድ አሮጌ ቆርቆሮ ሁለቱን አገናኝቼ ከአጥሩ ሥር አኖርኩ። ሽታው ዶሮዎቹን ሳይቀር አሸሸ። ከሳምንት በኋላ በግራር ውሃ የቀላች አንዲት የዋንዛ ቁራጭ አምጥቼ የሚስማሩን ውሃ በጨርቅ ሳብኩባት። ጨርቁ ባለፈበት ሁሉ፣ ዓይኔ እያየ፣ እንጨቱ ጠቆረ። ከጩኸቴ ብዛት እህቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ሮጣ መጣች።

«ምን ሆንክ? ተቆረጥክ?»

«ጠቆረልኝ!»

«በል እንኳን ጠቆረልህ» ብላ ወደ ድስቷ ተመለሰች።

ነጩ ግን በቀላሉ እጅ አልሰጠም። መጀመሪያ ቀዳዳው እውነት መኖሩን ማወቅ ፈለግኩ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ ዋንዛን ስንት ዓመት ስልገው ኖሬ ቀዳዳውን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። አውራ ጣት የምታህል ቁራጭ ወስጄ አንዱን ጫፏን የሳሙና አረፋ ቀባሁና በሌላው ጫፍ አፌን ገጥሜ ነፋሁ። በወዲያኛው በኩል አረፋው ፍልቅ ፍልቅ አለ። ትንፋሼ በድፍን እንጨት ውስጥ አልፎ ወጣ! ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም። መንገደኛውን ሁሉ እያስቆምኩ እንጨት ስነፋ ዋልኩ።

ቀዳዳውን በኖራ ልሞላ ብል ኖራው ጥቁሩን እየበላ ወደ ዝገት መለሰው። ከዚያ አንድ የማውቀው የጤና ጣቢያ ድሬሰር የተሰበረ እግር የሚታሰርበትን ጀሶ ትራፊ ሰጠኝ። ጀሶው ጥቁሩን አይበላም፤ ነገር ግን ቀዳዳውንም ገጹንም እኩል ያዘና ሳንቃው አመድ ላይ የተንከባለለ አህያ መሰለ። ስንቱን ቁራጭ እንዳበላሸሁ አልናገርም። የኋላ ኋላ የገባኝ ይሄ ነው፤ ከጥቁሩ በኋላ ቀጠን ያለ ጎመላካ፣ እንጨት የሚያብረቀርቅበት ሙጫ፣ ይቀባል፣ ገጹ ይዘጋል፣ ቀዳዳው ግን አይዘጋም። ጀሶው በቀጭን ኮላ ተለውሶ በጆንያ ጨርቅ ይታሻል። ሳይደርቅ መጠረግ አለበት፤ አጠራረጉም በእንጨቱ መስመር ሳይሆን መስመሩን አቋርጦ ነው። ከመስመሩ ጋር ከጠረጉት ጨርቁ ጀሶውን ከቀዳዳው አውጥቶ ይሄዳል፤ ካቋረጡት ግን ይተወዋል። የመጀመሪያዋን ያማረች ቁራጭ ለእህቴ አሳየኋት።

አገላብጣ አየቻትና፣ «ጅግራ ትመስላለች» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «ጎብዬ እንዲህ ያለ አለ?» አለችኝ።

«የለም።»

ቁራጯን ይዛት ሄደች።

ቁም ሳጥኑን ገጠምኩ። ለሁለቱ በሮች ያስቀመጥኳቸው ሰፋፊ ሳንቃዎች ከዓመት በላይ በጥላ የደረቁ ናቸው፤ ሌላ እንደነሱ ያለ ደረቅ ሳንቃ አልነበረኝም። የቀረውን አካል አጥቁሬ ነጩን አስገብቼ በጊዜ ጨረስኩ። በሮቹን ለመጨረሻ ተውኳቸው፤ ፊቱ እነሱ ናቸውና። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኳቸው፣ ከዚያ ቀዳዳው እንዲከፈት በሽቦ ብሩሽ መስመሩን ተከትዬ ፈተግኳቸው። እህቴን ጠርቼ በጣቷ አስነካኋት።

«ይታይሻል? አፉን ከፍቷል። እንዲህ እንደ ተጠማ ነው፤ የሰጠሽውን ሁሉ ይጠጣል» አልኳት። መቼም ስፎክር ልክ የለኝም።

ለሠርጉ ስድስት ቀን ሲቀረው ማጠፊያ ፍለጋ ወልድያ ሄድኩ። ስመለስ ኬላው ተዘግቶ አደርኩና ቆቦ የገባሁት በማግስቱ ከሰዓት ነው። እህል እንኳ ሳልቀምስ ወደ ሥራዬ ገባሁ። የግራሩን ውሃ በመጀመሪያው በር ላይ ሳብኩት፤ ጠጣው። ሁለተኛው በር ላይ ስስበው ግን ውሃው እንደ ዶቃ ተንከባለለ። እንደ ልማዴ መጀመሪያ የመጣብኝ መደነቅ ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ጠብታው ይቆማል፣ ያዘነበልኩት እንደሆነ ይወርዳል፣ እንጨቱ ግን አይርስም። በጣቴ ዳሰስኩት፤ ያሟልጫል። አሸተትኩት። አደስ አደስ ይላል።

በአገራችን አደስ የሚገባው ለጸጉር በሚዘጋጅ ቅቤ ውስጥ ነው። ዓመቱ ደግሞ ከድርቁ ማግስት ነው፤ ላም ያለው ሰው በጣት ይቆጠራል። እህቴ ለሠርጓ ጸጉር ብላ ቅቤ በጥቂት በጥቂቱ ስታጠራቅም እንደከረመች አውቃለሁ።

ጠራኋት። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች፤ ደስ ብሏታል።

«ይሄን በር ምን ቀባሽው?»

«አጠጣሁልሃ!» አለች። «ተጠምቷል አላልከኝም? ያልጠጣ እንጨት በዚህ በእኛ ፀሐይ መሰንጠቁ መች ይቀራል? ገበታውንስ፣ ማንኪያውንስ አዲስ ሲገባ እንዲሁ አይደለም የማደርገው? ብቻ ቅቤው አላዳረሰኝም። አንደኛው ቀረብኝ።»

ልክ ነበረች። በቆላ አገር አዲስ የእንጨት ዕቃ ቅቤ ካልጠጣ በሥራ ላይ አይውልም፤ የእናታችን እናትም ያደረገችው ይህንኑ ነው። እኔ ግን ያን ሰዓት የታየኝ አራት ወር ልፋቴና የጎብዬ ሰዎች አፍ ብቻ ነው። ዓይኔ ፈጠጠ።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ቆመሽ ጠብቀሽ፣ ሦስት ቀን መጠበቅ አቃተሽ?» አልኳት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ምን እንዳልኩ የሰማሁት ከተናገርኩት በኋላ ነው። የሰፈሩ ሰው የሚያማትን፣ የጎብዬ ዘመዶች የሚሏትን፣ እኔው በአፌ ደገምኩላት።

እህቴ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «የጠበቅኩት እኮ አንተን ነው፣ ወንድምዓለም» አለች። «ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መጥቶብኛል። አንደኛው ሲመጣ አንተ ፊደል አልጨረስክም፤ ሁለተኛው ሲመጣ መጋዝ እንኳ በወጉ አትይዝም። የት ጥዬህ ልሂድ?»

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ሰዎቹን ስላልወደደቻቸው የመለሰቻቸው ይመስለኝ ነበር። የጠየቅኳት ግን የለም። መንገደኛን እያስቆምኩ እንጨት የምነፋው ሰው፣ የግራር ቅርፊትና የዛገ ሚስማር ለምን እንደሚጣሉ ለማወቅ ገበያ ለገበያ የምዞረው ሰው፣ አንድም ቀን «እታለም፣ ለምን ሳታገቢ ቀረሽ?» ብዬ አልጠየቅኳትም። ይቅር በይኝ ልላት ፈልጌ ነበር፤ ግን ቆርቆሮዬን አንሥቼ ወደ በሩ ዞርኩ።

ከዚያ በኋላ ያላደረግኩት የለም። በአመድ ውሃ አጠብኩት፣ በቤንዚን ወለወልኩት፣ ላዩን ላግኩት፣ የጋለ የልብስ ካውያ በጨርቅ ላይ አድርጌ ቅቤውን ልስብ ሞከርኩ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። እኔው ራሴ ቀዳዳውን ሁሉ ከፍቼለት ምን ቀረው፤ እስከ ውስጥ ጠጥቶታል። በመጨረሻ ጥቁሩ ያዘ በተባለበት ጊዜ እንኳ የእህቴ እጅ ያለፈበት ሁሉ ቡናማ ሆኖ ቀረ። ከላይ ወደ ታች የወረደው መዳፏ፣ ከጎን የከፈለው የአራት ጣቶቿ መስመር፣ ዘወር ያለችበት ማዕዘን፣ ሁሉም ይታያል። ጀሶውም ቅቤው ካለበት አልያዝ እያለ ይረግፋል። ደህናው በር ደግሞ አጠገቡ ሆኖ ያበራል። ሁለቱን በሮች ወደ ቡናማ እንዳልመልስ ጥቁሩ ዘልቆ ገብቷል፤ ሌላ በር እንዳልሠራ ደረቅ ሳንቃ የለኝም።

ዓርብ ዕለት እህቴ መጥታ አየችውና፣ «ተወው እንግዲህ፣ ግጠመው» አለች። እኔም ገጠምኩት። ይቅርታውን እስከዚያም አልነገርኳትም።

እሑድ የጎብዬ ሰዎች መጡ። ከበሉና ከጠጡ በኋላ የሙሽሪት ዕቃ ይታይ ተባለ። የሙሽራው ታላቅ እህት፣ ያን የገበያ ተረት አወጣች የምትባለው ሴትዮ፣ ቀድማ ተነሣች። ግድግዳውን ተጠግቶ የቆመውን ቁም ሳጥን በጎኑ በኩል ስታየው እጇን አፏ ላይ ጫነች። ነጩን ጅማት በጣቷ ተከትላ ወረደች፤ ጣቷን ገልብጣ አየችው፤ ምንም አልነካትም። «ይሄን እግዜር ነው የሠራው ወይስ ሰው?» አለች። ሰው ተሰበሰበ። እንዲህ ያለ ቀን ዳግመኛ አይመጣልኝም ብዬ ቆምኩ። አንድ ልጁን በሚያዝያ የሚድር የሮቢት ሀብታም ክንዴን ይዞ፣ «ለእኔም ልጅ እንዲህ ያለውን፣ አልጋውንም ጨምረህ» አለኝ። ያን ጊዜ ለአንድ አናጢ እንዲህ ያለ ሥራ የዓመት እንጀራ ነው።

ሴትዮዋ ግን ወደ ፊት ለፊቱ ዞራ ነበር። ደህናውን በር አደነቀች፤ ሁለተኛው ጋ ስትደርስ ቆመች። እጇን በመዳፉ ምልክት ላይ አሳረፈችው።

«ይሄስ? ይሄ የሰው እጅ አይደለም እንዴ? ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

እህቴ ዓይነ ርግቧን ተከናንባ፣ የራሷን ቅቤ በሩ ስለጠጣው ከጎረቤት የተዋሰችውን ተቀብታ ከሚዜዎቹ መካከል ተቀምጣለች። ሙሽራ በዚያን ዕለት አትናገርም። እኔ ግን አውቃታለሁ፤ ትከሻዋ ተነሣ፣ ልትናገር ነው። እኔ ነኝ ልትል ነው። ሙሽሪት የገዛ ዕቃዋን በእጇ አበላሸች ከተባለ ደግሞ ያ ቤት ገደ ቢስ ብሎ ነው የሚቀበላት፤ ልጅ ቢታመም በሷ፣ ከብት ቢሞት በሷ ነው።

«የእኔ እጅ ነው» አልኩ። «እንጨቱን የማያውቀውን ነገር አጠጣሁት። ቸኮልኩና አበላሸሁት።»

«አዬ! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለች ሴትዮዋ፣ ወንዱም ሴቱም ሳቀ። የሮቢቱ ሰው ክንዴን ለቀቀኝ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ልጁ ሠርግ አላነሣብኝም።

እህቴ በዓይነ ርግቧ ሥር አየችኝ። ልጅ ሆኜ የሰበርኩትን እንስራ፣ ከጎረቤት ማሳ የነቀልኩትን ሽምብራ፣ በእሳት ስጫወት ያቃጠልኩትን አጥር ሁሉ «እኔ ነኝ» እያለች ስትቀበል የኖረች ናት። ያን ቀን ግን ቀደምኳት።